አንድ ሚሊዮን ዘጠኝ

ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ
ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህር ስለሺ
አሰላ

የጌታ ሰላም ከእርስዎና ከቤትዎ ጋር ይሁን። ጤናዎን እጠይቃለሁ። እኛ በሕይወት አለን።

«ሴትዮዋ ማን ናት? ከእኔ የምትፈልገውስ ምንድን ነው?» ብለው የትምህርት ቤቱን ዳይሬክተር እንደጠየቁ ነግሮኛል። ራሴ ልመልስ ብዬ አድራሻዎን ተቀበልኩት። ሠርካዲስ እባላለሁ። ባለቤቴ ሐብታሙ ሸማኔ ነው፤ እኔ ክር አጠነጥናለሁ፣ ድር እዘረጋለሁ። የኢየሩ ሐብታሙ እናት ነኝ። ባለፈው ሚያዝያ እርስዎ ጥያቄውን አውጥተው ባረሙት የሒሳብ ውድድር ከሃያ አሥራ ዘጠኝ ያመጣችው የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። ነሐሴ 20 ቀን ጳውሎስ ሆስፒታል አርፋለች። ኩላሊቷ ነበር። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ለምን እንዳልደወልኩ ይገርምዎት ይሆናል። ስልክ ላይ ልቅሶ ይቀድመኛል። ካለቀስኩ በኋላ ደግሞ ሰው የምለውን አይሰማም፤ «ጌታ ያጽናሽ» ብሎ ይዘጋል። ወረቀት ላይ ግን የምፈልገውን ሳልጨርስ የሚያቋርጠኝ የለም። ይህን ደብዳቤ በሦስት ቀን ነው የጻፍኩት።

የምፈልገው ይህ ነው። ሃያኛው ጥያቄ «1,000,009 ብቸኛ ቁጥር ነው ወይስ አይደለም? ምክንያቱን አስረዳ» ይላል። ብቸኛ ቁጥር ማለት ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለ ማለት እንደሆነ ከደብተሯ አንብቤ ተረድቻለሁ። ልጄ እንዲህ ብላ መልሳለች፦ «አይደለም። 1000 በራሱ፣ 3 በራሱ ተባዝተው ሲደመሩ ይህን ቁጥር ይሰጣሉ። 972 በራሱ፣ 235 በራሱ ተባዝተው ሲደመሩም ይህንኑ ይሰጣሉ። ሁለት መንገድ ስላለው ብቸኛ ሊሆን አይችልም።» እርስዎ በቀይ ኤክስ አድርገውበት «ብቸኛ ነው» ብለው ጽፈዋል። የወረቀቱን ፎቶ ኮፒ አብሬ ልኬያለሁ።

ዳይሬክተሩ ጋ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። በመጨረሻው ቀን እንዲህ አለኝ፦

«እናቴ፣ ልጅቷ አንደኛ ወጥታለች እኮ። አንዷ ነጥብ አሁን ምን ታደርግልዎታለች?»

«ለእኔ ምንም። ልክ ከሆነች ግን የእሷ ናት።»

«እሷ ደግሞ አሁን...» ብሎ መስኮት መስኮቱን ማየት ጀመረ።

«ሞታለች። ጨርሰው እንጂ!» አልኩት።

መምህር፣ የሞተ ሰው መልስ በመሞቱ ስህተት አይሆንም። ልጄ ተሳስታ ከሆነ የት ላይ እንደሆነ ያሳዩኝ፤ ተቀብዬ ቤቴ እቀመጣለሁ። ካልተሳሳተች ኤክሱን ያደረገው እጅ ራሱ ያንሳው።

ሠርካዲስ



ሽሮ ሜዳ
ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህር ስለሺ

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ስለ ማጽናኛ ቃልዎ አመሰግናለሁ። ልጆችዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ።

«ይህ ልብዎን ያሳርፍልዎት ይሆን?» ብለው ስለላኩት የምስክር ወረቀት ጠይቀውኛል። አላሳረፈኝም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼዋለሁ፤ እንዳይታጠፍ በካርቶን ደግፌዋለሁ። ማኅተሙ ያምራል፣ ስሟም በትክክል ተጽፏል፣ «20/20» ይላል። ነገር ግን በደብዳቤዎ ግርጌ «ቁጥሩ ብቸኛ መሆኑ ግን የታወቀ ነው» ብለዋል። ታዲያ ሃያኛዋን ነጥብ ለምኑ ሰጧት? ለመሞቷ ከሆነ ለሞት ነጥብ አይሰጥም።

ባለቤቴ ግን ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ሚስማር አንስቶ ነበር።

«ተዪኝ ሠርኬ፣ ልስቀለው። ሃያ ነው የሚለው።»

«ውሸት ነው የሚለው።»

«ሃያ እንዴት ውሸት ይሆናል?»

«ሰጪው ሳያምንበት ሲሰጥ ይሆናላ!»

ሚስማሩን አስቀምጦ ወደ ሽመናው ተመለሰ፤ ሁለት ቀን አላነጋገረኝም። እሱም አባት ነው፣ አልፈረድኩበትም።

ስለ ትምህርቴ ጠይቀዋል። ስድስተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ማባዛትና ረጅሙን ማካፈል እችላለሁ። የልጄን ድምር ራሴ ሠርቼዋለሁ፦ 972 በራሱ 944,784 ነው፣ 235 በራሱ 55,225 ነው፤ ሲደመሩ 1,000,009። ልክ ነው። ይህ ለምን ብቸኛነቱን እንደሚያፈርስ ግን አላውቅም፤ በዚህ አልዋሽዎትም።

እርስዎ ደግሞ «ድምር ማስረጃ አይሆንም፤ ተባዝተው ይህን ቁጥር የሚሰጡ ሁለት ቁጥሮች ያሳየኝ ሰው ካለ ኤክሱን በገዛ እጄ እሰርዛለሁ» ብለዋል። ይህን ቃል በጽሑፍ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ፤ ደብዳቤዎን መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። እስከ አሥራ ሦስት ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ሞክረው አንዱም እንዳላካፈለው፣ የቀሩትን እስከ ሺህ ድረስ መሞከር ግን ለእኔ ከአቅሜ በላይ እንደሆነ ጽፈውልኛል። ከኢየሩ ደብተር ጀርባ እስከ ሺህ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች በእጇ ተዘርዝረዋል። ቆጠርኳቸው፤ መቶ ስልሳ ስምንት ናቸው። ስድስቱን እርስዎ ጨርሰዋል። መቶ ስልሳ ሁለቱ የእኔ ናቸው።

ከአሥራ ሰባት እጀምራለሁ።

ሠርካዲስ



ሽሮ ሜዳ
ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

መምህር፣

መልስዎን ሳልጠብቅ ስለጻፍኩ ይቅርታ። መታገሥ አቃተኝ። አገኘሁት! መቶ ስልሳ ሁለቱ ቀርቶ አንዱ ብቻ በቃኝ። አሥራ ሰባት ያካፍለዋል። 17 በ58,824። ሐብታሙም አይቶታል፣ «ሞልቷል» ብሏል።

እስከ አሥራ ሦስት መጥተው አንድ እርምጃ ሲቀርዎት ማቆምዎ አሳዘነኝ። ዋናውን የፈተና ወረቀት ልላክልዎት ወይስ ኤክሱን ለመሰረዝ እዚህ ይመጣሉ?

ሠርካዲስ



አሰላ
ታኅሣሥ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወይዘሮ ሠርካዲስ

እንደምን ሰንብተዋል? በበዓል ሰሞን የማያስደስት ደብዳቤ ስለምጽፍ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

17 በ58,824 ሲባዛ 1,000,008 ነው። አንድ ይቀራል። እባክዎ መልሰው ያባዙት። ቀሪ ካለ አካፋይ የለም፤ አንድም ሆነ መቶ ለውጥ የለውም። ቁጥር ይሉኝታ አያውቅም።

ወይዘሮ ሠርካዲስ፣ በእናት ልብ መጫወት አልፈልግም። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ይህን ቁጥር ከገዛ መምህሬ ነው የተቀበልኩት፤ ለስንት ተማሪ «ይኸው ትልቅ ብቸኛ ቁጥር» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። ይህ ሁሉ ድካምዎ ሐዘን እንጂ ሒሳብ አይመስለኝም። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን ቢያማክሩ ይሻላል። ሌላም ልጠይቅዎት ነበር፦ ልጅዎ ውጤቱ በተነገረበት ቀን ስለሆነው ነገር ነግራዎታለች?

አክባሪዎ
ስለሺ



ሽሮ ሜዳ
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህር ስለሺ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ አደረሰዎ። እኛ ወንጌላውያን ነን፣ ሰፈሩ ግን እስከ እንጦጦ ድረስ በዝማሬ ሲናወጥ ነበር የሰነበተው።

መጀመሪያ ይቅርታ። አሥራ ሰባት አያካፍለውም። አንድ ቀርታ ነበር፤ አይቻታለሁም። ያየሁትን ለምን እንደተውኩ ልንገርዎት። እኛ ቤት ድር ስንዘረጋ ክሩን እኩል እኩል እንከፍለዋለን። ስንጨርስ ሁለት ክር ከተረፈ ቆጠራው ተሳስቷል ማለት ነው፤ ይፈታል፣ እንደገና ይቆጠራል። አንዲት ክር ብቻ ከተረፈች ግን ጠርዝ ላይ ካለችው ጋር ደርበን እናስገባታለን። ጠርዙን ታጠብቃለች፣ እንዲያውም ጥሩ ናት እንላለን። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሠርቻለሁ። ስለዚህ አንዷን ሳያት እጄ «ሞልቷል» ብሎ ጻፈ። ሐብታሙም ሸማኔ ነው፣ አይቶ «ሞልቷል» አለ። ደብዳቤዎን ሳነብለት መወርወሪያውን አስቀምጦ፣

«ለካ ቁጥር ጠርዝ የለውም» አለ።

«ኢየሩ ብትኖር ትስቅብን ነበር» አልኩት። መወርወሪያውን መልሶ አነሳ።

ሁለተኛ፣ «ሐዘን እንጂ ሒሳብ አይደለም» ላሉት። አዎ፣ ሐዘን ነው። ታዲያ ቢሆንስ? ያሳሳተኝ ሐዘኔ አይደለም፣ ሙያዬ ነው። ሙያ ደግሞ ይታረማል። ሽማግሌዎቹንም አማክሬያለሁ፤ ጸለዩልኝ፤ አንደኛው የቤተ ክርስቲያኑን ትርፍ ወረቀት ሰጡኝ፣ ጀርባው ባዶ ነው።

ሦስተኛ፣ አሥራ ዘጠኝንም ሠራሁት። እሱም አንድ ያስቀራል! 52,632 ጊዜ ደርሶ አንድ። ታኅሣሥ ላይ ቢሆን ኖሮ ይህንንም አካፋይ ነው ብዬ ልኬልዎት ነበር። አሁን ግን ያቺን አንዲት ክር እንደ ሌባ ነው የማያት።

ጎረቤቴ ንግሥት «ስልክሽ ላይ የሒሳብ ማስሊያ አለ አይደል እንዴ? አምስት ደቂቃ አይፈጅም» ብላ ትነዘንዘኛለች። አለ። ኢየሩ ግን ፈተናው ላይ በእርሳስ ብቻ ነው የሠራችው። ማሽን ከእሷ ጎን እንዲቆም አልፈልግም። ደግሞም እርስዎ ጋ ማስሊያ የለም? ከእኔ ይልቅ እርስዎ ይቀርቡት ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የተናገሩትን ለመንካት የፈሩ ይመስለኛል። ይህን በማለቴ ቅር አይበልዎት፤ ቢልዎትም ጽፌዋለሁ።

ስለ ልጄ የጠየቁኝን አልመልስም።

ሃያ ሦስት ላይ ነኝ።

ሠርካዲስ



ሽሮ ሜዳ
መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህር ስለሺ

ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉንፋኑ እንደተሻለዎት ተስፋ አለኝ።

«እስካሁን አልሰለቹም?» ላሉት፣ ሰልችቼ ነበር። የካቲት ላይ ሸጎሌ የምትኖረው እህቴ ወልዳ አራስ ስጠይቅ ሁለት ሳምንት ሳልነካው ቀረሁ። አርባ ሦስት እንደገና አንድ አስቀርቶ ሲያሾፍብኝ ወረቀቱን ልቀደው ነበር። መቶ አንድ ስምንት አስቀረ። ከዚያ በኋላ ሐብታሙ ሳልጠይቀው መርዳት ጀመረ። እሱ ከሽመናው ጉድጓድ ሆኖ የደብተሯን ቁጥር በተራ ይጠራል፣ እኔ አካፍላለሁ፣ «ስንት ቀረ?» ይላል፣ እነግረዋለሁ፣ ይሰርዘዋል። ቁጥሩ እየተለቀ ሲሄድ ማካፈሉ ያጥራል፤ ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ትናንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ 293 ላይ ደረስን። ሥራውን እንዳለ እጽፍልዎታለሁ፤ ተከታትለው ያርሙኝ።

1000 ለ293፣ 3 ጊዜ፦ 879። ሲቀነስ 121። ዜሮ ይወርዳል፣ 1210። 4 ጊዜ፦ 1172። ሲቀነስ 38። ዜሮ ይወርዳል፣ 380። 1 ጊዜ፦ 293። ሲቀነስ 87። ዘጠኝ ይወርዳል፣ 879።

879ን ሳይ እጄ ቆመ። መጀመሪያ መስመር ላይ የቀነስኩት ቁጥር ራሱ ነው። ሦስት ጊዜ፣ አለቀ።

«ስንት ቀረ?» አለ ሐብታሙ።

ቁጥሮቹን ከላይ ጀምሬ እንደገና አየኋቸው።

«አንድ ነው እንዳትዪኝ ብቻ!»

«ምንም።»

«ምንም ማለት?»

«ምንም ማለት ምንም ነው፣ ሐብታሙ። ዜሮ።»

ከጉድጓዱ ወጣ። አላመነኝም፤ ደግ አደረገ። 3413ን በሦስት መቶ አባዝቶ 1,023,900 አገኘ፣ የሰባቱን 23,891 ቀነሰ። 1,000,009። አንዲትም አልተረፈች፣ አንዲትም አልጎደለች። እርሳሱን አስቀምጦ «ኢየሩ ልክ ነበረች» አለ። ከነሐሴ ወዲህ ስሟን ሲጠራ የመጀመሪያው ነው።

እንግዲህ መምህር፣ 293 በ3413። ሃምሳ ስድስት ጊዜ አካፍያለሁ፤ የሁሉንም ወረቀት ፖስታ ቤት አስመዝግቤ በሪኮማንዴ ልኬልዎታለሁ፣ የተሳሳትኩበትን የአሥራ ሰባቱንም ጭምር። ቃልዎ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አለ።

ሠርካዲስ



አሰላ
ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ወይዘሮ ሠርካዲስ

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ደብዳቤዎን ከከፈትኩ በኋላ ብዙ ቀን መጻፍ አልቻልኩም።

አባዛሁት። ልጄ በኮምፒውተር አባዛችው። ትክክል ነው። 1,000,009 ብቸኛ ቁጥር አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርኩት ስህተት ነው፤ ከአሥራ ሦስት በላይ አንድም ቀን ሞክሬው አላውቅም።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቶሎ እጽፍልዎት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የኢየሩን ሁለት መስመር ይዤ ተቀመጥኩ። ከኮሌጅ ዘመን በቀረኝ ደብተር ውስጥ፣ በገዛ እጄ ተጽፎ አገኘሁት፦ ብቸኛ ቁጥር የሁለት ካሬዎች፣ ማለትም በራሳቸው የተባዙ ሁለት ቁጥሮች፣ ድምር ሆኖ በሁለት የተለያየ መንገድ ሊጻፍ አይችልም። ተምሬው ረስቼዋለሁ። የእሷን አራት ቁጥሮች ብቻ ይዤ፣ ቁጥሩን በምንም ሳላካፍል፣ በግማሽ ገጽ ሥራ እዚያው 293 ላይ ደረስኩ። ስለዚህ መልሷ ያን ቀን ሙሉ ነበር። የእርስዎ ሃምሳ ስድስት ማካፈል ለእሷ አላስፈለጋትም። ያስፈለገው ለእኔ ነው።

ጥር ላይ ያልመለሱልኝ ጥያቄ ነበር። እንዳልነገረችዎት ስለገባኝ እኔው ልንገርዎት። ውጤቱ በተነገረበት ቀን አዳራሹ ሞልቶ ሳለ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ሃያኛው ላይ የተሳሳቱ ይመስለኛል፤ ሰሌዳው ላይ ላሳይዎት?» አለች። በአክብሮት ነው ያለችው። ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር። «ተቀመጪ፣ ልጄ። አንደኛ መውጣት አስተማሪ አያደርግም» አልኳት። ልጆቹ ሳቁ። ተቀመጠች። ይህን አንድ ዓመት ይዤዋለሁ።

ይቅርታ ያደርጉልኝ ዘንድ እለምንዎታለሁ። የዘንድሮው ውድድር ቅዳሜ ግንቦት 2 ቀን እዚያው ጉለሌ ነው። መጥቼ በሁሉም ፊት ስህተቴን ልናገር፣ እርስዎንም መድረክ ላይ ጠርቼ «አካፋዩን ያገኙት እኚህ እናት ናቸው» ልል አስቤያለሁ። በሕሊና ጸሎት እንጀምራለን። ፈቃድዎ ይሆን?

ስለሺ



ሽሮ ሜዳ
ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህር ስለሺ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እንኳን ለትንሣኤው አደረሰዎ።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ አንዱን ጮክ ብዬ ለአባቷ። የአዳራሹን ነገር አልነገረችኝም። ያን ቀን ቤት ገብታ «አሥራ ዘጠኝ» አለችን። «አንዷስ የት ሄደች?» አልኳት። «አንዷን የተሳሳቱት እነሱ ናቸው፣ እማ» አለችኝ። የልጅ ኩራት መሰለኝ። «ተይ፣ አስተማሪ አይሳሳትም። ይልቅ እጅሽን ታጠቢና ብዪ» አልኳት። ታጠበች፣ በላች፣ ዳግመኛ አላነሳችውም። ስለዚያ ቀን ሲጠይቁኝ ጥር ላይ ያልመለስኩልዎት ለዚህ ነው። ተቀመጪ ያልናት ሁለት ነን፣ መምህር።

ስለዚህ የጠየቁኝን ይቅርታ ዛሬ አልሰጥዎትም። ለራሴም ገና አልሰጠሁም። ለሁለታችንም ሲሆንልኝ እጽፍልዎታለሁ። ሥራው ግን እሱን አይጠብቅም።

ይምጡ። ፈቅጃለሁ፤ እንደሚከተለው ከሆነ።

መድረክ ላይ አልወጣም። አካፋዩን ያገኘሁት እኔ ነኝ አይበሉ። እኔ ክር እንደሚቆጥር ሰው ቆጥሬ ደረስኩበት፤ እሷ አውቃው ነው የጻፈችው። የሚነገረው የእሷ ሁለት መስመር ነው። በሕሊና ጸሎት አይጀምሩ። መጀመሪያ ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ ይጻፉ፣ መልሷን ይጻፉ፣ ለምን ልክ እንደሆነ ለልጆቹ እስኪገባቸው ያስረዱ። ያቺን ግማሽ ገጽ ሳይዘሉ ይሥሯት፤ እኔም ሊገባኝ እፈልጋለሁ። ከዚያ በኋላ እናቷን ደስ እንዲላት የሚሉት ካለ ይበሉ።

ዋናውን ወረቀት እዚያ ይዤ እመጣለሁ። ኤክሱን ልጆቹ እያዩ ይሰርዙታል። ቀይ እስክሪብቶ ይያዙ፣ በሌላ ቀለም አልቀበልም። ሐብታሙም ይመጣል፤ ለቅዳሜ የተቀበለውን ሥራ ለሰኞ አዛውሮታል።

እጁን የሚያወጣ ልጅ ቢኖር ተቀመጥ አይበሉት። ልጆቹ ቢያፍሩ እንኳ አንድ እጅ ይወጣል፤ ከኋላ ወንበር እኔ አወጣለሁ። የምጠይቅዎትን ከአሁኑ እነግርዎታለሁ፣ ድንገት ያዘችኝ እንዳይሉ፦ 3413ስ፣ ብቸኛ ነው ወይስ አይደለም?

እኔ ሠርቼዋለሁ። እርስዎም እስከ አሥራ ሦስት ሳይሆን እስከ መጨረሻው ሠርተው ይምጡ።

ሠርካዲስ
የኢየሩ ሐብታሙ እናት